ሌባው ለምን ተለቀቀ? ስለ 24 ሰዓትና ስለ ዋስትና

ባለፈው ወር በማታው የጎልማሶች ክፍል እንግሊዝኛ እያስተማርን ነበር። የዕለቱ ትምህርት ስለ ተደራጊ ግስ ስለነበረ ሰሌዳው ላይ «ዘ ቲፍ ዋዝ አሬስትድ» ብለን ጻፍን፤ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ቲቸር፣ የሚቀጥለውንም ጻፈው እንጂ! ዋዝ ሪሊዝድ በለው!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ስለነበረ ሰዋስዉ ቀረና ውይይት ሆነ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውይይት ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በብሎካችን ስኳር፣ ዘይትና የስልክ ካርድ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ሐሙስ ሌሊት የሱቃቸው ቆርቆሮ ተቀዶ ዕቃውም የዕለቱ ገንዘብም ተወሰደ። በማግስቱ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሁለት ወጣቶች ተጠርጥረው ተያዙ። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀረቡ። ማክሰኞ ጠዋት አንደኛው ጄሪካኑን ይዞ የውሃ ሰልፍ ላይ ታየ። ሰው ተሰበሰበ፣ ድንጋይም ተነሣ። ሁለት ሽማግሌዎችና የሰላም ኮሚቴው ልጆች መሀል ገብተው ባይቆሙ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ስርቆት ሳይሆን ስለ ነፍስ መጥፋት ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ የሚወራው «ዳኛው በልቷል» የሚል ሆነ። ሁለተኛው ልጅ አለመለቀቁ ደግሞ ወሬውን አጠናከረው፤ «ያኛው ገንዘብ ስለሌለው ነው የቀረው» ተባለ። እንደምናየው ይኸኛው ወሬ ግማሽ እውነት አለው።

ክፍላችን ውስጥ የተነሣው ጥያቄ ግን ከወሬው የበለጠ ነው። አንዲት ተማሪ «መብት መብት ትላላችሁ፤ መብቱ ለሱ ብቻ ነው እንዴ? እኛስ ተዘግቶ የማደር መብት የለንም?» አለች። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኬንያ ሕግም ይህን ጥያቄ ሳያስብበት አላለፈም። መልሱን እዚህ የምንጽፈው እኛ መምህራን እንጂ ጠበቆች ባለመሆናችን በቀላሉ ነው፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ 24 ሰዓቱ። ኬንያ በኦገስት 2010 ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የተያዘ ሰው በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ ግን ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። 24 ሰዓቱ ፍርድ ቤት በማይሠራበት ሰዓት ወይም ቀን ላይ ካለቀ እስከሚቀጥለው የሥራ ቀን መጨረሻ ድረስ ይቆያል። የኛዎቹ ልጆች ዓርብ ከሰዓት ተይዘው ሰኞ የቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። «ሦስት ቀን አስረው ለቀቁት» የሚለው ነገር እንግዲህ የዳኛው ቸርነት ሳይሆን የቅዳሜና እሑድ ነገር ነው።

ብዙዎቻችን 24 ሰዓት ለፖሊስ ምርመራውን መጨረሻ የተሰጠ ጊዜ ይመስለናል። ስለዚህ «በአንድ ቀን ምን ሊያጣሩ?» ብለን እንገረማለን። ዓላማው እሱ አይደለም። ዓላማው ሰውዬውን ከያዘው ሰው ሌላ የሆነ ሰው፣ ማለትም ዳኛ፣ በዓይኑ እንዲያየው ነው። ቆሟል ወይ? ይራመዳል? ፊቱ አብጧል? ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮታል? በመጀመሪያው ቀጠሮ ወይ ክስ ይነበብለታል፣ ወይ ለምን ታስሮ እንደሚቆይ ይነገረዋል፣ አለዚያ ይለቀቃል። ሰው የሚጎዳው ማንም በማያየው ሰዓት ነው። ናይሮቢ መሀል ከተማ ባለው ኛዮ ሐውስ በሚባለው የመንግሥት ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ በ1980ዎቹ ብዙ ሰዎች ተሰቃይተዋል፤ ከላይ በየፎቁ ሠራተኛው የቢሮ ሥራውን ይሠራ ነበር። በዚያው ዘመን የቀድሞው ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፖሊስ እስከ 14 ቀን ፍርድ ቤት ሳያቀርብ እንዲያቆይ ተፈቅዶ ነበር። የ2010 ሕገ መንግሥት ጸሐፊዎች ሰዓቱን ሲያሳጥሩ ይህ ሁሉ በፊታቸው ነበረ።

ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 «በ48 ሰዓት» ይላል። ችግሩ ከ48 ሰዓቱ በኋላ የሚመጣው ነበር፤ የጊዜ ቀጠሮ 14 ቀን፣ ሌላ 14 ቀን፣ ሌላ 14 ቀን። በ2009 የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ 28 ቀን አደረገው፣ ጠቅላላውም እስከ አራት ወር ይሄድ ነበር። ያ አዋጅ በ2020 በሌላ ተተክቷል፣ ማዕከላዊም በ2018 ተዘግቷል። ከመሀላችን ግን ቀጠሮ ሲባል ዛሬም ሆዱ የሚላወስ ሰው አለ። የሚገርመው እንዲህ ያለው ሰው ራሱ የሱቁ ስርቆት ዕለት «ለምን አንድ ወር አያስሩትም?» ሲል ሰምተነዋል። አልፈረድንበትም። ስደተኛ ሁለት ጊዜ ይፈራል፤ ፖሊስንም ይፈራል፣ ሌባንም ይፈራል።

አሁን ወደ ዋስትናው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የተደናገርነው።

ዋስ ማለት ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ክሱ አለ፣ መዝገቡ አለ፣ ቀጠሮው አለ። ሕጉ የሚለው ይህ ሰው ጥፋተኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ እስኪረጋገጥ ድረስ ከቤቱ እየመጣ ይከራከር ነው። ለመምጣቱ ማስያዣ እንዲሆን ገንዘብ ያስቀምጣል ወይም ዋስ ይጠራል። ካልመጣ ገንዘቡ ለመንግሥት ይቀራል፣ የመያዣ ትእዛዝም ይወጣበታል። እስከ መጨረሻው ከቀረበ ደግሞ ቢፈረድበት እንኳ የዋስትና ገንዘቡ ይመለስለታል። ስለዚህ ያ ገንዘብ ቅጣትም ዋጋም አይደለም፣ ደረሰኝም አለው። ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ ግን የዋስትና ገንዘብ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም በየትኛውም ጠረጴዛ «የዋስ ክፈሉ» ቢላችሁ ደረሰኝ ጠይቁ።

በእኛ ባህል ዋስ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን «ዋስ ጥራ» ሲባሉ ከመንገድ አላፊውን ለምነው ዋስ ያቆሙ ነበር። ዋስ ያጣ ሰው ደግሞ ከከሳሹ ጋር ቁራኛ ይሆናል፤ ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ዛሬ «የቁም ቁራኛ» ስንል ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው። አስተውሉ፤ በቁራኛ ከሳሹም ታስሯል! ሰው ያለ በቂ ነገር እንዳይከስ የሚያስብ ጥበብ ነበረው ማለት ይቻላል፤ ደካማ ከሳሽ ግን ጉልበተኛውን እንዳይከስ ያደርግ እንደነበረም መገመት አያዳግትም። የሱቁ እናት ከዚያ ጎረምሳ ጋር ሲተሳሰሩ አስቡት።

የኬንያ ሕግ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተመላልሷል። ከ2010 በፊት ለግድያ፣ ለአገር ክህደትና ኃይል ለተጨመረበት ዝርፊያ ዋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ክሱ ብቻ በሩን ይዘጋው ነበር። ጥሩ ይመስላል። ግን አስቡት፤ መርማሪው ክሱን «ስርቆት» ከማለት ይልቅ «ኃይል የተጨመረበት ዝርፊያ» ብሎ ከጻፈው ሰውዬው ዓመታት እስር ቤት ይቀመጣል ማለት ነው። ቁልፉ ከዳኛው እጅ ወጥቶ መዝገቡን በሚጽፈው ሰው እስክሪብቶ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አሁን ያለው አንቀጽ 49 የትኛውንም ወንጀል ሳይለይ የተያዘ ሰው በምክንያታዊ ቅድመ ሁኔታ በዋስ የመለቀቅ መብት አለው ይላል። ከዚያ አንድ «ካልሆነ በስተቀር» ያስከትላል፤ አስገዳጅ ምክንያት ካለ አይለቀቅም።

አንባቢ ሆይ፣ የሕዝቡ ደህንነት የተቀመጠው በዚህች «ካልሆነ በስተቀር» ውስጥ ነው። አስገዳጅ ምክንያት ሲባል ዳኞች የሚያዩት በአጭሩ ይህን ነው፤ ይጠፋል ወይ? ምስክር ያስፈራራል ወይም ይገዛል? ማስረጃ ያጠፋል? ወጥቶ ሌላ ጥፋት ይሠራል? ሕዝቡ በእርሱ መውጣት አደጋ ላይ ይወድቃል? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 123ሀ ደግሞ የክሱን ክብደት፣ የማስረጃውን ጥንካሬ፣ የሰውዬውን ፀባይና ከማኅበረሰቡ ጋር ያለውን ትስስር፣ በፊት በዋስ ወጥቶ ቃሉን ጠብቆ እንደሆነ እንዲታይ ያዛል። ደግሞ አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም አለ፤ ሰውዬው ለራሱ ደህንነት ሲባል ሊታሰር ይችላል። ይኼ የተጻፈው እንደኛ ድንጋይ ለሚያነሣ ሰፈር ነው። አንድ ሰው ገና ሳይፈረድበት እስር ቤት እንዲቆይ ምክንያት የሆነው የእርሱ ጥፋት ሳይሆን የእኛ ቁጣ ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ የኛ ጉዳይ ምን ሆነ? አንድ ነገር ለማጣራት ብለን የሕግ እርዳታ ወደሚሰጡት ቢሮ ሄድን። ችሎቱ ሰኞ ዕለት ሲያይ ዐቃቤ ሕጉ ዋሱን የሚያስከለክል ምክንያት አላቀረበም። ለምን አላቀረበም? ስላልነገርነው ነው። የሱቁ እናት ቅዳሜ ማታ ሁለት የማያውቋቸው ጎረምሶች በራቸውን አንኳኩተው «ክሱን ተይው፣ ብሎኩ ጠባብ ነው» ብለዋቸው ሄደዋል። እሳቸው ይህን ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ነገረ፣ እስከ እሑድ ማታ ብሎኩ በሙሉ ያውቅ ነበር። መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ ብቻ አያውቁም። ዳኛ ደግሞ በፊቱ ያልቀረበን ነገር አይመዝንም። ወንዱም ሴቱም ማክሰኞ ጠዋት ለድንጋይ ጊዜ አገኘ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ፍርድ ቤት የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። እኛም መምህራኑ ጭምር።

ኬንያ በ2014 ባወጣችው የተጎጂዎች ጥበቃ ሕግ መሠረት የወንጀል ተጎጂ ዋስ ሲፈቀድና ቅድመ ሁኔታው ሲወሰን የእርሱና የቤተሰቡ ደህንነት ከግምት እንዲገባ መብት አለው። ይህን መብት በካምፓችን የሚያውቀው ሰው ከጣት ቁጥር አይበልጥም ብንል ማጋነን አይሆንም። ዛቻ ካለ፣ ቤት ተመጥቶ ከሆነ፣ መልእክት በስልክ ተልኮ ከሆነ፣ ያንኑ ዕለት ለመርማሪው መናገርና ኦቢ ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል። መልእክቱን ከስልካችሁ አታጥፉት፤ ብዙ ሰው ተናዶ ያጠፋዋል።

ዋስ ከተፈቀደም በኋላ ነገሩ አያልቅም። እናትየው በኋላ ይህን ለመርማሪው ተናገሩ፣ ዐቃቤ ሕጉ አመለከተ፣ ፍርድ ቤቱም ልጁን መልሶ አላሰረውም፤ ግን ወደ ሱቁና ወደ እናትየው ቤት እንዳይቀርብ፣ በሳምንት አንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ እየሄደ እንዲፈርም አዘዘ። ይህን ከጣሰ ዋሱ ይነሣል። አንዳንዱ «ይህቺም ቅጣት ሆና!» አለ። ቅጣት እንዲሆን አልታሰበም። አሁን እናትየው ሱቃቸውን ከፍተው ይሠራሉ፣ ልጁም ያልተፈረደበት ሰው ሆኖ እቤቱ ያድራል። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ደስተኛ አይደሉም፤ ግን ሁለቱም ያለ ድንጋይ ውለው ያድራሉ።

ሁለተኛው ልጅስ? እርሱ እስከ ዛሬ አልወጣም። ዳኛው ለሁለቱም እኩል ገንዘብ ወሰነ፤ የመጀመሪያው ልጅ ናይሮቢ ኢስሊ ዘመዶች ስላሉት በኤምፔሳ ተላከለት። ሁለተኛው ማንም የለውም። የመሬት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ያለው ኬንያዊ ዋስ ማግኘት ለስደተኛ እንዴት እንደሚከብድ ለዚህ ካምፕ ሰው መንገር አያስፈልግም። እኩል ገንዘብ እኩል ሸክም አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ «ምክንያታዊ ቅድመ ሁኔታ» ሲል የሰውዬውን አቅም ይጨምራል ብለን እናምናለን። የተወሰነበት ገንዘብ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሰው እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል። የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ወይም የብሎክ ተጠሪው «ይህን ልጅ እናውቀዋለን፣ ቤቱ ይኸ ነው፣ ከኛ ጋር ይኖራል» ብለው ቢመሰክሩ ያ ትስስር ዳኛው ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለዚህ ልጅ ግን እስካሁን ማንም አልሄደም። ለሌባ ማን ይመሰክራል? ነገር ግን ሌባ መሆኑን ማን ወሰነ? በክፍላችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዝም የተባለው ረጅሙ ዝምታ ነበር።

ከአንድ ብሎክ ወጥተን አገር አቀፉን ስናይ ይኸው ሚዛን በትልቁ ይገኛል። በሴፕቴምበር 2013 በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ በደረሰው ጥቃት 67 ሰዎች ተገደሉ። በሚቀጥለው ዓመት ማርች ላይ መንግሥት በከተማ ያሉ ስደተኞች ሁሉ ወደ ካኩማና ዳዳብ ይሂዱ አለ። በኤፕሪል ደግሞ «ኡሳላማ ዋች» የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ፤ ኡሳላማ በስዋሂሊ ደህንነት ማለት ነው። ኢስሊ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታፍሶ ካሳራኒ ስታዲየም ገባ። ሶማሌው በዛ፣ ግን የኛም ሰዎች ነበሩበት። ያን ጊዜ በኢስሊ የነበረ ማንም ስደተኛ ሊያጫውታችሁ ይችላል፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም እኩል ነው የተጫነው። 24 ሰዓት የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው አልሠራም።

ለእኛ ይህ አውጫጭኝን ያስታውሰናል። ድሮ በአገራችን አንድ ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱም ወደ እርሻውም መሄድ አይፈቀድለትም። አፈርሳታም ይባላል። ከእርሱ የባሰው ሌባሻይ ነበር፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ይሮጣል፣ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። አውጫጭኝ ቢያንስ ሰው ለሰው እንዲነጋገር ያደርግ ነበር። ሕዝብን በጅምላ አፍሶ ማሰር ግን ጥፋተኛውን ከንጹሑ ጋር ያቀላቅለዋል፤ ንጹሑ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ፖሊስ ሲያይ ይሸሻል እንጂ የሚያውቀውን አይናገርም። ከስታዲየሙ ዘመቻ አንድ ዓመት ያህል በኋላ፣ በኤፕሪል 2, 2015፣ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ዘመቻው ያንን አላስቀረም። ዘመቻው ባይኖር ይቀር ነበር ማለታችንም አይደለም።

በመሀል፣ በ2014 መጨረሻ፣ ማንዴራ አካባቢ በአውቶቡስ ተሳፋሪዎችና በድንጋይ ማውጫ ሠራተኞች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ ፓርላማው የጸጥታ ሕጎችን የሚያሻሽል አንድ ትልቅ ሕግ በዲሴምበር አጸደቀ። ስብሰባው ጩኸትና ግፊያ የተሞላበት ነበር፤ በቴሌቪዥን ያየ ያስታውሰዋል። ተቃዋሚዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። በፌብሩዋሪ 23, 2015 አምስት ዳኞች የተቀመጡበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስምንት አንቀጾችን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫሉ ብሎ ሰረዘ።

የተሰረዙትንና የቀሩትን አብሮ ማየት ብዙ ያስተምራል። ከተሰረዙት አንዱ በኬንያ የሚኖር የስደተኛ ቁጥር ከ150,000 እንዳይበልጥ የሚለው ነበር። ያን ጊዜ በአገሩ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ስደተኛ ነበረ፤ ታዲያ የቀረው የት ሊሄድ ነው? ፍርድ ቤቱ ሰውን ወደሚገደልበት አገር መመለስ አይቻልም አለ። አሁን ይህን ጋዜጣ የያዘ ብዙ ሰው እዚህ ያለው በከፊል በዚያ ፍርድ ነው። ዳኛ የፈቀደው ዋስ እንዲታገድ የሚያስችለው አንቀጽ ተሰረዘ። በዐቃቤ ሕግ እጅ ያለ ማስረጃ ከተከሳሹ ተሰውሮ እንዲቆይ የሚፈቅደውም ተሰረዘ፤ ሰው በማያውቀው ማስረጃ ላይ ሊከራከር አይችልምና። ግን ፍርድ ቤቱ መንግሥትን እጁን አስሮ አልተወውም። በሽብር ጉዳይ የስልክ ጠለፋን የሚፈቅዱት አንቀጾች ቀሩ። ፖሊስ 24 ሰዓት አልበቃኝም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት አንቀጽ 36ሀም ቀረ፤ በአንድ ጊዜ እስከ 30 ቀን፣ በድምሩ ከ90 ቀን ሳይበልጥ። ብዙ ነው? እኛ ብዙ ነው እንላለን። ግን ከድሮው አንድ ልዩነት አለው፤ እያንዳንዱን ቀን የሚፈቅደው ዳኛ ነው፣ ተያዡም በፊቱ ቆሞ «አይገባም» ማለት ይችላል።

ዳኞቹ የሚመዝኑት በአንቀጽ 24 ነው። መንግሥት መብትን ማጥበብ ከፈለገ በሕግ መሆን አለበት፣ ምክንያቱን ማሳየት አለበት፣ በቀለለ መንገድ ሊደረስበት የሚችል ከሆነ ከባዱን መምረጥ የለበትም። የሱቁን ነገር አስታውሱ፤ ልጁን ከማሰር ይልቅ ከሱቁ ማራቅ ከበቃ እርሱ ይመረጣል። ስለ አገር የሚባለውና ስለ ብሎካችን የሚባለው አንድ ነው። ሚዛን ላይ ፈጽሞ የማይወጡ ነገሮች ደግሞ በአንቀጽ 25 አሉ። ማሰቃየት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ ፍትሐዊ ፍርድ የማግኘት መብትም አይሸራረፍም። «ትንሽ ቢመታ ኖሮ የዕቃውን ቦታ ይናገር ነበር» የሚል ሰው በክፍላችንም ነበረ። እናትየው ራሳቸው ናቸው የመለሱለት፤ «ተመትቶ የሚናገር ልጅ ያንተንም ቤት ይጠቁማል» አሉት።

ስለ ሽማግሌ ችሎት ጥያቄ ስለበዛ አንድ ነገር እንጨምር። የዕቃ ጠብ፣ የብድር ጉዳይ፣ የጎረቤት ንትርክ በሽማግሌ ቢያልቅ መልካም ነው፤ ፍርድ ቤትም ዕርቅን አይጠላም። አስገድዶ መድፈርን፣ በስለት መውጋትን፣ ኃይል የተጨመረበት ዝርፊያን ግን ሽማግሌ «በካሳ ጨርሰነዋል» ሊል አይችልም። እንዲህ የተጨረሰ ነገር ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ተጎጂዋ ትቀራለች፣ ተጠርጣሪውም ያለ ምስክርና ያለ ጠበቃ ጥፋተኛ ተብሎ ይከፍላል። ማንንም ሰው በሽማግሌ ትእዛዝ በቤት ቆልፎ ማሳደርም ወንጀል ነው።

ስለ ቋንቋም እንዲሁ። የተያዘ ሰው ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በችሎትም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያገኝ መብቱ ነው። ስዋሂሊ «ትንሽ ትንሽ» የሚችል ሰው አፍሮ «ይገባኛል» እያለ ቃሉን ሲፈርም አይተናል። አማርኛ ከፈለጋችሁ አማርኛ በሉ። ቃላችሁ ተጽፎ ሲቀርብላችሁ ተነቦላችሁ ሳትሰሙ አትፈርሙ፤ ዝም የማለት መብትም አለ፣ ዝም ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም።

የሱቁ ጉዳይ ለምስክር ተቀጥሯል። እናትየው ይመሰክራሉ፤ ከማታው ክፍል ሦስት ተማሪዎች አብረዋቸው ሊሄዱ ተስማምተዋል፣ እኛም የዕለቱን ትምህርት ወደ ቅዳሜ አዛውረነዋል። ስለ ሁለተኛው ልጅ ደግሞ የብሎኩ ተጠሪ አድራሻውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፉ ተጠይቀዋል። «አስብበታለሁ» ብለዋል።